የእግር ጉዞና የእግር ጤና፤ ከጎንደር እስከ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ የጎንደር ዙሪያ ተራሮች አደይ አበባ ለብሰው ይታያሉ። ጭቃው ጠግጓል፤ ምንጩ ገና አልደረቀም፤ ፀሐዩም እንደ መጋቢት ፀሐይ አይከብድም። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀኖች ወርኃ ጽጌ ብላ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን መንገድ ታስብባቸዋለች፤ በማግሥቱም ኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ይከበራል። እንግዲህ የአበባው ወራት በአገራችን ልማድ የአንድ ቤተሰብ የእግር ጉዞ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ቤተሰብ በአንድነት ሆኖ በእግሩ ስለሚያደርገው የአንድ ቀን ጉዞ፥ ይልቁንም ጉዞውን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚሄደው ስለ እግር ጤና ለአንባብያን ልናስረዳ አስበናል።

የእግር ጉዞ ለምን ይጠቅማል

ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ለሚጓዘው የገጠር ወንድማችን «ተራመድ» ብሎ መምከር አያሻም። የከተማው ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር ሲያርም፥ ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፥ ነጋዴውም በሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲመሽም ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ኑሮ የደም ግፊትን፥ የስኳር በሽታንና የልብ ሕመምን ይጋብዛል። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል መጠነኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፥ ልጆችም በየቀኑ 60 ደቂቃ ያህል እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል።

በትምህርት ምክንያት በቈየንባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ስንቃቸውን አዝለው ከነልጆቻቸው ወደ ዱር ሲወጡ እያየን መልካም ልማድ ነው እንል ነበር። ወደ አገራችን ተመልሰን ስናስበው ግን ስንቅ ቋጥሮ፥ በትር ይዞ፥ ከነቤተሰብ ተራራ መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ገዳማትና ወደ አድባራት የምንሄደው እንዲሁ ነው። የጎደለው ቢኖር ጉዞውን ከጤና ጠባይ ጋር ማስማማት ብቻ ነው።

ስለ መንገዱ

ለአንድ ቀን ጉዞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ይገኛል። ስፍራውን የመሠረቱት የዳግማዊ ኢያሱ እናት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ዘመኑም 18ኛው ምዕተ ዓመት ነበር። የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይታያል። ከከተማው መኻል ተነሥቶ፥ በፋሲል መዋኛ አጠገብ አልፎ፥ የቀሐን ወንዝ ተሻግሮ አቀበቱን ለሚወጣ ሰው መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ጭንጫና ኮረት ያለበት ስለ ሆነ እግርን ይፈትናል። ወደ ላይ ከፍ ባሉ ቍጥር ባሕር ዛፉ፥ ጥዱና ወይራው ጥላ ይሰጣሉ፤ ዘወር ብለው ሲመለከቱም ከተማው ከግንቦቹ ጋር ከበታች ተዘርግቶ ይታያል።

ይህ ስፍራ በጤና ታሪክም መታወስ ይገባዋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ በቍስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ የመኳንንቱ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበር። እርሱም የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ ንጹሕ አየር እንዲገባ፥ ክፍሉም በዕጣን እንዲታጠንና በሆምጣጤ እንዲታጠብ እንዳደረገ በመጽሐፉ ጽፏል። በዚያ ዘመን ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን በሽታውን ከዓለም ያጠፋው ክትባት ነው፤ መጥፋቱም በ1972 ዓ.ም. በይፋ ተነግሯል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቂት ዝቅ ብለን የምንናገርለት ደዌም ሰው ምክንያቱን ካወቀ ሊጠፋ የሚችል ስለ ሆነ ነው።

በጉዞአችን ላይ የገጠመን

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከባለቤታችን፥ ከሦስት ልጆቻችን፥ እንዲሁም ከወገራ ገጠር ለትምህርት መጥታ ከእኛ ጋር ከምትኖር የ12 ዓመት የዘመድ ልጅ ጋር ሆነን ይህንኑ አቀበት ወጣን። ለልጅቱ ለጉዞው ብለን አዲስ ሸራ ጫማ ገዝተንላት ነበር። ግማሽ መንገድ ያህል ከሄድን በኋላ ዞር ብለን ስንመለከት ልጅቱ የጫማዋን ማሰሪያ እርስ በርሱ ቋጥራ ጫማውን በትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፥ በኮረቱ ላይ በባዶ እግሯ ስትራመድ አየናት።

«ምነው ልጄ፥ ጫማው ጠበበሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«የለም ጋሼ፤ ድንጋዩ እንዳይበላው ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ አደርገዋለሁ» አለችን።

ታናሹ ልጃችን «እዚያማ ጫማ ይወለቃል እንጂ ይደረጋል?» ብሎ ቢመልስላት ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች። ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ከያዝነው ውሃ ቀንሰን እግሯን ስናጥብላት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፤ «እናቴም ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላታል፤ በጣቶቿ መኻልም ያሳክካታል። ሲመሽ ያብጥና ሲነጋ ይጐድላል። ለሰው እንዳትናገሪ ተብያለሁ፤ እኅቴ ልትዳር ነውና።»

በዚህ ጊዜ ሳቃችን ቀረ። ለብዙ ሰው የምናስተምረውን ለቤታችን ሰው ሳናስተምር መቅረታችን አሳፈረን። ልጅቱን ጫማ ሰጥተናታል፤ ጫማው ለምን እንደሚጠቅም ግን አልነገርናትም ነበር። ስለዚህ እርሷ ጫማውን ለሰው ፊት የሚለበስ ጌጥ አድርጋ ቈጠረችው፤ ጌጥንም ማንም ቢሆን በድንጋይ ላይ አያስበላም። እኅቲቱ እንዳትዳር የሚያሰጋው፥ በሹክሹክታ የሚነገረው ደዌም ዝሆኔ ነው።

ዝሆኔ ምንድር ነው?

ዝሆኔ እግርን የሚያሳብጥና ቆዳን እንደ ዝሆን ቆዳ የሚያሻክር ደዌ ነው። በሞቃት ቈላ አገር በወባ ትንኝ ዐይነት ትንኞች የሚተላለፍ ዝሆኔ አለ። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ግን በአብዛኛው ከዚያ የተለየ ነው፤ በሐኪሞች ዘንድ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙ ከግሪክኛ የወጣ ሲሆን የእግርንና የአቧራን ነገር ያመለክታል። ይህን ስም የሰጡትና ምክንያቱ አፈር መሆኑን ያስረዱት በአገራችን ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ ጥናታቸውም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተደረገ ነው።

የደጋው አገራችን ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ በወጣ እሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ በብዙ ዝናብ ሲበሰብስ ቀይ የሸክላ አፈር ይሆናል። በአፈሩ ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች አሉ። ሰው በባዶ እግሩ ለብዙ ዓመት ሲመላለስበት ብናኙ በተሰነጠቀው ተረከዝና በተፋቀው ቆዳ በኩል ይገባል። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ጐን ለጐን የሚሄዱና ትርፍ ፈሳሽን የሚመልሱ ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ፤ ብናኙ እነዚህን ያስቈጣቸዋል፤ በኋላም ያጠባቸዋል። መመለሻ ያጣው ፈሳሽም በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ወደ ማሳው እንደሚፈስ ያለ ነው።

ደዌው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በወጣትነት ነው። የመጀመሪያ ምልክቶቹ የእግር መዳፍ ማቃጠል፥ የጣቶች መኻል ማሳከክና ሲመሽ መጥቶ ሲነጋ የሚጐድል እብጠት ናቸው። እብጠቱ ከእግር ጣት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ከጕልበት አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ ከተደረገ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ካልተደረገ ግን ቆዳው ይወፍራል፤ እባጭ ያወጣል፤ በየጊዜውም ብርቱ ትኵሳትና ሥቃይ እያመጣ በሽተኛውን ለብዙ ቀን በአልጋ ላይ ያውለዋል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂ ሰዎች ይህ ደዌ እንዳለባቸው ይገመታል።

ስለ ዝሆኔ የሚነገሩ ሦስት ስሕተቶች አሉ። መጀመሪያው፥ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል የሚለው ነው። ይህ ሐሰት ነው፤ በሽተኛውን በመንካት፥ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ አልጋ በመተኛት አይያዝም። ሁለተኛው፥ በዘር የሚወረድ ስለ ሆነ ከዚያ ቤት መጋባት አይገባም የሚለው ነው። እርግጥ ነው፥ የአንዳንድ ቤተሰብ ሰውነት ከሌላው ይልቅ በአፈሩ ቶሎ ይቈጣል፤ ነገር ግን እግሩን ከአፈር የጠበቀ ሰው የማንም ልጅ ቢሆን ዝሆኔ አይዘውም። ሦስተኛው፥ እርግማን ወይም መተት ነው የሚለው ነው። እርግማን ቢሆን ኖሮ በጫማ ባልተከለከለ ነበር፤ በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች ጥንት ይታይ የነበረው ይኸው ደዌ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ በለመደ ጊዜ ጠፍቷል።

ስለ ጫማና ስለ ተሳላሚዎች

አንዳንድ ምእመናን በስለት ወይም ለክብር ብለው መንገዱን ሁሉ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ሃይማኖታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በተቀደሰው ስፍራ ላይ በቆመ ጊዜ መሆኑን እናስታውሳቸዋለን፤ አውልቅ መባሉም እስከዚያ ድረስ ተጫምቶ እንደ ሄደ ያስረዳል። ጫማን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማውለቅ ሥርዐት ነው፤ እስከ ደጁ ድረስ እግርን መጠበቅም ሥርዐቱን አይነካም።

ጫማው ውድ መሆን የለበትም። እግርን ሁሉ የሚሸፍን ሸራ ጫማ ወይም ቆዳ ጫማ ከሁሉ ይሻላል። ኮንጎ ጫማም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ላብ ስለሚይዝ እግርንም ጫማውንም ማታ ማታ ማጠብና ማድረቅ ያሻል። በረባሶ እሾህና ድንጋይ ይከላከላል፤ አቧራውን ግን ስለማያስቀር ያደረገው ሰው በየቀኑ እግሩን መታጠብ ይኖርበታል።

ለአንድ ቀን ጉዞ የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

1ኛ፤ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሥቶ ፀሐይ ሳይበረታ አቀበቱን መጨረስ፥ ሳይመሽም መመለስ ይገባል። የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ መልካም ነው። በዕድሜ የገፋ ሰውና ትንሽ ልጅ ፊት ሆነው ይሂዱ፤ ጉዞው በእነርሱ ርምጃ ይለካ።

2ኛ፤ አዲስ ጫማ ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ተደርጎ ይለመድ፤ አለዚያ እግርን ይልጣል። ካልሲ ይደረግ።

3ኛ፤ የሚጠጣው ውሃ ከቤት ተፈልቶ ይያዝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቈይ። ከወንዝ ጐንበስ ብሎ መጠጣት ታይፎይድን፥ አሜባንና ጃርዲያን ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አልቅት በጉሮሮና በአፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል። በከተማ መኻል አልፎ የሚመጣ ወንዝ የከተማውን እድፍ ይዞ ስለሚመጣ ለመታጠቢያም አይሆንም።

4ኛ፤ ለስንቅ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድፎ ዳቦና በሶ ተስማሚ ናቸው፤ ደረቅ ስለ ሆኑ ቶሎ አይበላሹም፤ የጽጌን ጾም ለሚጾምም ይሆናሉ። በሶው ግን በተፈላው ውሃ ይበጥበጥ። ቍራሽ ሳሙናም ይያዝ፤ ከመብላት በፊት ሁሉም እጁን ይታጠብ።

5ኛ፤ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ስፍራ ከምንጭና ከመንገድ ርቆ፥ ጕድጓድ ቈፍሮ በአፈር መሸፈን ያስፈልጋል። የፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥራጊ ወደ ቤት ይመለስ እንጂ በዛፍ ሥር አይጣል።

6ኛ፤ እግሩ ወለም ያለው ሰው ይቀመጥ፤ እግሩን ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያስይዘው፤ እንዲታሽ አይደረግ። መርገጥ ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እሾህ ወይም ሚስማር የወጋው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውምና።

7ኛ፤ ጉዞውን ወደ ሌላ ስፍራ ማድረግ የሚወድ ቤተሰብ የስፍራውን ጠባይ ይወቅ። ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢሰማው ዐረፍ ይበል፤ ካልተሻለው ወደ ታች ይውረድ። ወደ ጣና ዳርቻ የሚወርድ ሰው በቢልሃርዝያ ምክንያት በውሃው ውስጥ አይዋኝ፤ በደምቢያ ሜዳ የሚያድርም አጎበር አይለየው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

እንግዳ ሲመጣ እግሩን ማጠብ የአባቶቻችን ልማድ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬ ሳይታሰብ እየቀረ ነው፤ ከጤና አንጻር ግን ሊመለስ የሚገባው ነው። ከጉዞ በኋላ የቤተሰቡ እግር ሁሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የጣቶች መኻል በደንብ ይድረቅ፤ ተረከዝ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ። እናት የልጆችን እግር በምታጥብበት ጊዜ እሾህ፥ ሙጀሌ፥ ቍስል ወይም እብጠት እንዳለ ትመልከት። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ዝሆኔ ለጀመረው ሰው የሚሰጠው ሕክምናም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፥ የጤና ባለሙያ በሚነግረው ልክ በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፥ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፥ እንደ ሁኔታውም በፋሻ ማሰር፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ይህ ቀላል ሥራ ትኵሳትና ሥቃይ የሚያመጣውን የበሽታውን መነሣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ለመምህራን የቀረበ ማሳሰቢያ

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመውና ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክን ሥራዬ ብሎ የተነሣ ነበር። ይሁን እንጂ የጤና ሠራተኛ በየቤቱ ደጃፍ በየቀኑ ሊገኝ አይችልም። ልጆችን በየቀኑ የሚያይ መምህር ነው። መምህር ሆይ፥ በሰልፍ ጊዜ የልጆችን ጥፍርና ፀጕር እንደምትመለከት እግራቸውንም ተመልከት። ጫማውን በእጁ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብታይ አትቈጣው፤ ጫማው የእግሩ መድኃኒት እንጂ ጌጥ አለመሆኑን አስረዳው። እግሯ ያበጠባትን ልጅ ጓደኞቿ ከአጠገቧ ሲሸሹ ብታይ አንተ ራስህ ሄደህ አጠገቧ ተቀመጥ፤ ከብዙ ቃል ይልቅ ያ መቀመጥ ያስተምራል። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ላካት።

የዚያችን ልጅ እናት በኅዳር ወር ወደ ከተማ አስመጥተን መረመርናት። ደዌው ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበረ። እግሯን ማታ ማታ የምታጥብላት ያችው ልጅ ሆነች፤ እናቲቱም ወደ አገሯ የተመለሰችው ተጫምታ፥ አስተጣጠቡንም ተምራ ነው። በሚያዝያ ወር ዳግመኛ ባየናት ጊዜ የማታው እብጠት ቀርቶላት ነበር። ታላቂቱ ልጅም በጥር ወር ተድራለች፤ የባሏም ወላጆች ነገሩን የሰሙት ከሹክሹክታ ሳይሆን ከእናቲቱ ከራሷ አፍ ነው።

ዘንድሮም አበባው ሲፈነዳ ወደ ቍስቋም እንወጣለን። ልጅቱ አምና የተገዛላት ሸራ ጫማ በድንጋዩ አልቆ ሶሉ ተበልቷል፤ እኛም በማለቁ ደስ ብሎን ሌላ ገዝተንላታል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፥ አንባብያንም በዚህ ወራት ከነቤተሰባችሁ ተጫምታችሁ ውጡ፤ ስትመለሱም እግራችሁን ታጠቡ።